ካዛንቺስ በግራ መስመር

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ሻንጣ ብቻ ይዞ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ሰዓሊ አብሮት ይሳፈራል፤ ቪዛ አይጠየቅ፣ ኪሎ አይበልጥበት። ችግሩ ሰዓሊው ውሸታም መሆኑ ነው። የተወለድንበትን ቤት በየዓመቱ አንዳንድ ክንድ ያሰፋዋል። ጭቃውን ያደርቃል፤ የጎረቤትን ነገረኛነት ፍቅር ያደርገዋል፤ እናታችን የኮረኮመችንን ሰርዞ ያጎረሰችንን ብቻ ያስቀራል። ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ «አገሬ» ብለን የምንምልበት ነገር ግማሹ የዚህ ሰውዬ ፈጠራ ነው። ማን ይክሰሰው? ዳኞቹም ምስክሮቹም ደንበኞቹ ነን።

እኔ ግን ብልጥ ነኝ። ሰውዬውን ሥራ አስያዝኩት።

ካምፓላ ውስጥ፣ ቡጎሎቢ ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ አንድ ክፍል አለችኝ። በሯ ላይ «ቆርኪ ስቱዲዮ» ይላል። ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ዝናብ ሲመጣ አብሮ የሚያለቅስ ጣሪያ አለ። ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ሰዓሊውና ጠራጊው ደግሞ እኔ ነኝ። የምስለው ድሮን ነው። ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ እግር አውጥቶ ወደ ጎረቤት ሄዶ ዜና ሲያወራ። ቆርኪዎች ተሰብስበው ዕድር ሲቀመጡ። በጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር፣ ሰባትን በስምንት ማባዛት ጠፍቶት አንገቱን ደፍቶ። እነዚህን ፖስት ካርድና የቀን መቁጠሪያ አድርጌ እሸጣለሁ። የሚገዙኝ በብዛት አበሾች ናቸው፤ አንዳንዴ የዚሁ አገር ሰዎችም ይመጡና የአዳሪ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ሳጥናቸውን አስለውኝ፣ ሳጥኑን አይተው ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ይሄዳሉ። ናፍቆት የፓስፖርት ቀለም አይመርጥም።

አባቶቻችን «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላሉ። ይህን የተናገረ ሰው ካምፓላን አላያትም። እዚህ መጫኑን ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ተረክቦናል። የኛ ድርሻ ከኋላ ተቀምጦ ዓይንን ጨፍኖ መጸለይ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት፣ ጾሙ ሊፈታ ወር ሲቀረው፣ ሮማን መጣች። ሮማን ኪሰንዪ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ የምትሸጥ፣ ከሶማሌ ነጋዴዎች ጋር በስዋሂሊ ተከራክራ የምትረታ ሴት ናት። የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አለ ለካ። አባቷ እንዳይሄዱባት ትፈራለች።

አባቷ ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱ ሮማን ወደዚህ አመጣቻቸው። ቡጎሎቢ ፍላት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእሷ ጋር ሲኖሩ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከጥምቀት ወዲህ ግን ሻንጣቸውን አዘጋጅተው አልጋ ሥር አስቀምጠዋል። ካዛንቺስ ልሄድ ነው ይላሉ። ካዛንቺስ ፈርሷል ሲሏቸው «ሰው ሲያወራ ነው» ይላሉ። ፎቶ ሲያሳዩዋቸው ስልክ የማያሳየው ነገር የለም ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ደም ግፊት አለባቸው። የሮማን ፍርሃት፣ ሄደው ያ ቁልቁለት ላይ ቆመው፣ ቤታቸው የነበረበትን ባዶ ሲያዩ ልባቸው እዚያው ቀጥ እንዳይል ነው።

እናም አንድ ዘዴ አስባ ነበር። የሰፈራቸውን ቁልቁለት በትልቅ ሸራ እንድስልላትና ለፋሲካ ሳሎናቸው ውስጥ እንድትሰቅለው ፈለገች።

«ግድግዳው ላይ ካየው እኮ ሌላ ምን ይፈልጋል?» አለችኝ። «ቁጭ ብሎ ያየዋል። አይሄድም።»

ፎቶ ላምጣልህ ወይ ስትለኝ ቅር አለኝ። ያደግኩት ከዚያው ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ዳቦ ቤቱን፣ ቧንቧውን፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ የሚወርድበትን ቦይ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃቸዋለሁ። ዓሥራ አንድ ዓመት አለማየቴ ምን ያመጣል? ፎቶ የሚያስፈልገው ለማያውቅ ነው አልኳት። ትዕቢት ከውድቀት በፊት ትሄዳለች ይባላል፤ የኔዋ እንኳን በፊት ልትሄድ፣ ክንዴን ይዛ ነበር የምትሄደው።

አንድ ወር ሳልኩ። እንደዚያ ሆኜ ስዬ አላውቅም። ቆርቆሮው ዝገቱ ሳይቀር፣ ከሱቁ የተንጠለጠለው የፕላስቲክ ባልዲ ቀዩ ሳይቀር። ታክሲዎቹን በተለይ ተጠበብኩባቸው። አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ሲወጡ፣ ሦስቱ ሲወርዱ፣ ወያላዎቹ በበር ተንጠልጥለው አፋቸውን ከፍተው። ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሮማን ሰው ጠርታለች። ሥዕሉን የሸፈነውን ነጠላ ስትገልጠው ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኧረ ልክ እንደዛው!» አለ። አንዲት ሴትዮ ዳቦ ቤቱን እየነካች አለቀሰች። እኔ ጥግ ቆሜ በትሕትና መሬት መሬት አያለሁ። የሚመሰገን ሰው መሬት ማየት አለበት፤ ደንብ ነው።

ጋሽ ደምሴ ብቻ እንደዛው አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉት። ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። በመጨረሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣

«ለዚህ ሰፈር መንጃ ፈቃድ የሰጠው ማነው?» አሉ።

የሳቀ የለም፤ የገባው ሰው ስላልነበረ። እሳቸው ጣታቸውን ሸራው ላይ አድርገው ቁልቁለቱን በቀስታ ወረዱት። አሁን እኔም አየሁት። የሚወጡት ታክሲዎች በግራ በኩል ይወጣሉ፣ የሚወርዱትም ግራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። መሪያቸው በቀኝ ነው። በራቸው በግራ ነው። አንዱም ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሥርዓት አክባሪ፣ ጨዋ፣ ፍጹም የካምፓላ ታክሲዎች። ካዛንቺስን የሚያህል ሰፈር አንስቼ እንግሊዝ በገዛው አገር ሕግ አስነድቼዋለሁ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ዛሬ ማታ ሬሳ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። ቀጥለውም ወደ ዳቦ ቤቱ ጣሪያ አንጋጠጡ፦ «ይሄ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ደግሞ የማን ዘመድ ነው?»

ሽማግሌው ካሮሊ ነበር። ካምፓላ ውስጥ በየመብራት ምሰሶው ላይ ቆሞ ቆሻሻችንን የሚጠብቀው ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ። መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። በእናቴ እምላለሁ፣ አላውቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ስህተቱ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ሃያ ሰው፣ ሁሉም የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሁሉም ናፋቂ፣ አንድም አለማየቱ ነው። ሁላችንም ልክ እንደዛው ብለናል። እጃችን መንገድ የተሻገረው መቼ ነው? ማንስ ነው እጃችንን ይዞ ያሻገረን? ያን ዕለት ዶሮውን በቅጡ አልበላሁም።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ሸራውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው በእግራቸው መጡ። ቦዳ ላይ አይወጡም፤ ባለሙያ ነኝና ሌላ ሰው ሲገድለኝ አላይም ይላሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በል፣ መኪናዎቹን ወደ መስመራቸው መልስልኝ» አሉ።

ሊሄዱ መሆናቸውን፣ ሥዕሉንም ይዘው እንደሚሄዱ ያን ጊዜ ነገሩኝ። ነገሩን አስበውበታል። ሰፈሩ ፈርሷል ካላችሁኝ፣ ቤቴ የነበረበትን በምን ላገኘው ነው? በዚህ ነው። ይህ ደግሞ ልክ ካልሆነ ያሳስተኛል። ስለዚህ እስኪታረም እጠብቃለሁ፤ ሲያልቅ እሄዳለሁ።

ከእሳቸው በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሮማን ደወለች። ሰምታለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያሬድ፣ እግዜር ያሳይህ፣ እንዳትጨርሰው» አለችኝ።

እንዲህ ሆነና የስህተት ትእዛዝ የተቀበልኩ የመጀመሪያው ሰዓሊ ሆንኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሳያውቁ መሳሳት ተሰጥዖ አይፈልግም፤ እያወቁ መሳሳት ግን ትልቅ ሙያ ነው። ሰኞ ታክሲዎቹን አስተካክዬ ቧንቧውን አጠፋለሁ። ማክሰኞ ቧንቧውን መልሼ ሱቁን አንድ በር ወደ ታች አወርደዋለሁ። አንድ ጊዜ ባሕር ዛፉን አንስቼ የካምፓላውን የፌኔ ዛፍ ተከልኩ፤ ያ የሕፃን ራስ የሚያህል ፍሬ ካዛንቺስ ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እሳቸው በየቀኑ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ። ከሥር ካለው ሰውዬ ሁለት ሮሌክስ እገዛለሁ፤ እሳቸው ሮሌክስ አይሉትም፣ «እንቁላል ያረገዘ ቂጣ» ይሉታል። እየበሉ ያርሙኛል። የእትዬ በለጡ ግቢ በር ሰማያዊ ነበር። የሻለቃው ውሻ አንድ ጆሮው የተቀደደ ነበር። እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ ወያላ ሁሉ እግሩን የሚሰብርበት። እኔም እስላለሁ። ቀስ በቀስ እኔ የማላውቀው፣ ወይም አውቄው የጣልኩት ካዛንቺስ ከጣቴ ሥር ይወጣ ጀመር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሐሙስ ዕለት የእትዬ በለጡ በር አረንጓዴ ነበር አሉኝ። ባለፈው ሰማያዊ አላሉም ወይ ስላቸው ተቆጡ። አደረግሁት። ቅዳሜ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። ድንጋዩ ከዳቦ ቤቱ ፊት ወደ ሱቁ ፊት ሄደ፣ ከሱቁ ፊት ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለሰ። እንዲህ የሚሄድ ድንጋይ አይቼ አላውቅም። እርጅና ነው እንዳልል፣ ሰውየው ከዳቦ ቤቱ እስከ ለገሃር ያሉትን ፌርማታዎች በግልባጭ ይቆጥራሉ።

አንድ ቀን ሮሌክሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን እየጠረጉ፣

«አንተስ ለምንድነው የማትሄድ?» አሉኝ።

ሥራ አለብኝ አልኳቸው።

«ሥራህማ እዚያ ነው ያለው። እዚህ ሆነህ የዚህን አገር ነገር መች ስለህ ታውቃለህ? ከዚያች ሽማግሌ ወፍ በቀር።»

ለሌላ ሰው ብዙ መልስ አለኝ። ወረቀት፣ የቤት ኪራይ፣ ደንበኛ። ለእሳቸው ግን ያልተዘጋጀው መልስ ወጣ።

«ሄጄ ካየሁት የምስለው ይጠፋብኛል ብዬ ነው» አልኩ።

መንገዱን በመስኮት አዩ። ቆይተው፣ «ሻንጣው የተዘጋጀው ከጥምቀት ጀምሮ ነው» አሉ። «እኔንስ ማን የያዘኝ ይመስልሃል?»

ከዚያ በኋላ ስለ በሩ ቀለም አልተከራከርንም።

በማግስቱ ያልጠበቅኩት ነገር ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የራሳቸውን ቤት አላረሙኝም ነበር፤ እንዳለ አልፈውታል። አሁን ደጁ ላይ አንዲት ሴት አቁም አሉኝ። ስሟን አልጠሩም። «የሮማን እናት» ነው ያሉት። ወደ ማታ ታክሲዬ ስትወርድ ድምፅዋን ታውቀዋለች፤ ከመቶ ታክሲ ትለየዋለች። እጇን በሊጥ እንዳለ ይዛ ትወጣና፣ እንዲህ፣ በክንዷ ፀሐዩን ጋርዳ ቁልቁለቱን ታያለች። አትጠራኝም። መምጣቴን ካየች ትገባለች፤ ስደርስ እንዳልጠበቀችኝ ትሆናለች።

ሳልኳት። ከአውራ ጣት የማትበልጥ ሴት፣ ክንዷ ግንባሯ ላይ። ፊቷ አይታይም። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ጠርገው ጠጋ አሉ። ወገቧን አላረሙም፣ ነጠላዋን አላረሙም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታረም አጡ። እኔም ብሩሼን አነሳሁ፣ የሮማን አደራ ትዝ አለኝ፣ የት ጋ ልሳሳት ብዬ ሸራውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እጄ እምቢ አለኝ።

«ይኸው ነው» አሉ። «አሁን ቢፈርስም ይዤዋለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሄዱ። ለሦስት ሳምንት ብቻ ብለው ነው፤ ደርሶ መልስ ትኬት።

ሮማን ለኔ ሰላምታ አቆመች። ሽሮ ልገዛ ስሄድ ትመዝናለች፣ ታስራለች፣ ትሰጣለች። ምርቃት የለም። ከዚህ በላይ መቀየሟን የምታሳይ ኢትዮጵያዊት ነጋዴ አላውቅም። ልክ ነበረች። ሰውየው ያ ባዶ ላይ ቆመው አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ጥፋቱ የማነው? ስህተት መሥራት ያቃተው የሰዓሊው። ቀን በቀን ስልኬን እያየሁ ሰነበትኩ።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ደወሉልኝ። ከበስተኋላቸው ብዙ ሰው ይንጫጫል። ልቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄደው አይተውታል፤ የሚሉት እውነት ነው። ሰፊ መንገድ፣ አበባ፣ የብስክሌት መሄጃ፣ ያማረ መብራት። ቁልቁለቱ ራሱ ተስተካክሎ ቁልቁለትነቱን ትቷል። አንድ ሰዓት ቆመው ቤታቸው የቱ ጋ እንደነበር አጡት። ሲደክማቸው አዲስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። አንዲት ሴትዮ ልታልፍ ብላ ቆመች። ይሄ የእትዬ በለጡ በር አይደለም? አለች። ስልክ አውጥታ ለእህቷ ደወለች። እሑድ ስድስት ሰው መጣ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሃያ። አንዱ ከየካ አባዶ፣ አንዷ ከቱሉ ዲምቱ፣ የተበተነው ሰፈር በሙሉ፣ በየእሑዱ አግዳሚ ወንበሩ ዙሪያ።

«እና ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ምን ይላሉ? ተሳስቷል ነው የሚሉት። ግማሹ ቧንቧው ከግንቡ ወዲያ ነበር ይላል፣ ግማሹ ወዲህ። ሳይስማሙ ጥያቸው እንዴት እመጣለሁ?»

ሦስቱ ሳምንት አለፈ። ትኬቱ ተራዘመ። አልተስማሙም። እንደገና ተራዘመ። የካዛንቺስ ሰው ስለ ቧንቧ ተስማምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ቧንቧው በነበረበት ዘመንም ሲጣላበት ነው የኖረው። አሁን አራተኛ ወራቸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሮማን መጣች። ሰላም አለችኝ፤ አንድ ከረጢት ሽሮም ይዛለች። አባቷ ይቀመጡባት የነበረችው ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ ሥዕል ልታዝ እንደመጣች ነገረችኝ።

«ካምፓላን ሳልልኝ» አለች። «የሳሎናችንን መስኮት። ከሚቀመጥበት ሆኖ የሚያየውን። እሱን ልላክለት።»

እርሳስ አነሳሁ። ከመስኮቱ ምን ይታያል? አልኳት።

አሰበች። መንገድ አለ አለች። ሌላስ? ዛፍ ያለ ይመስለኛል። ምን ዛፍ? ኪሰንዪ ውስጥ መቶ ዓይነት ቅመም ሳታይ በጠረኑ የምትለይ ሴት እጇን እያየች ቀረች።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሻይውን እዚያ መስኮት ሥር አስቀምጬለት ሮጬ እወጣለሁ» አለች። «አንድም ቀን አብሬው አልተቀመጥኩም።»

ሌላ መንገድ አልነበረንም። ወደ አዲስ አበባ ደወልንና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግነው። ሮማን ከሳሎናችን መስኮት ምን ይታይህ ነበር ብላ ጠየቀቻቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ጋሽ ደምሴ ለምን አላሉም። ሲጠበቅ የቆየ ጥያቄ ይመስል ወዲያው ጀመሩ። የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ አምስት ቦዳ፣ ሁለቱ ነጂዎች ሞተራቸው ላይ ተጋድመው ይተኛሉ፤ እግራቸው መሪው ላይ ነው፣ ባለጌዎች። የፊት ለፊቷ ሴትዮ ማክሰኞ ማክሰኞ የልጆቿን ዩኒፎርም ታሰጣለች፤ ትንሹ ባለፈው ዓመት ሱሪ አጥሮት ነበር፣ ገዙለት? ከሁሉ በስተጀርባ የኪቡሊ ኮረብታ አለ፤ ፀሐይ መጀመሪያ የመስጊዱን ጫፍ ትነካና ቀስ ብላ ትወርዳለች። ከታች ቻፓቲ የሚጋግረው ሰውዬ ዣንጥላ አለ፣ ቢጫ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ። ሮማን ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ካምፓላ እንዲህ ስትነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔም የምኖርባት ከተማ ናፈቀችኝ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ከበስተኋላቸው ሰው ጠራቸው፤ ሊዘጉ ሲሉ፣ «ዣንጥላው ቢጫ ነው፣ እንዳትሳሳቱ» አሉ።

ሳልኩት። ማንጎውን፣ የተኙትን ነጂዎች፣ ትንሹን ሱሪ፣ የመስጊዱን ጫፍ፣ ሁሉን እንዳሉት፣ አንድ ሳላጓድል። ትናንት ሮማን ልትወስደው መጣች። ደስ አላት። ሥዕሉን በዓይኗ ወደ ታች ወርዳ ዣንጥላው ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀይ ነው።

«ያሬድ፣ አባዬ እኮ ቢጫ ነው ያለው።»

አውቃለሁ አልኳት።

ተመለከተችኝ። ተመልሳ ሥዕሉን ተመለከተች። ከዚያ ነጋዴዋ ሮማን ተመልሳ መጣች፤ አንገቷን ዘመም አድርጋ ዕቃ እንደምትመርጥ ሰው አሰበችና፣

«ቀይ አይበቃም» አለችኝ። «አረንጓዴ አድርገው። አረንጓዴ በጣም ነው የሚያናድደው፤ ራሱ መጥቶ ካላረመው እንቅልፍ አይወስደውም።»